ያልሰረቁ ሰዎች ጭቃ

አገሩ የት እንደሆነ መጠየቅ ደግ አይደለም፤ የጠየቀ ሰው ዞሮ ዞሮ ከገዛ ደጁ ሊያገኘው ይችላል። ብቻ አንድ አገር ነበር። ላይ ሰፈር የሚባል ነበረው፣ ታች ሰፈር የሚባል ነበረው፣ በመሃላቸው ደግሞ ሰፊ አደባባይ ነበር። አደባባዩ መካከል ላይ ከጭቃ የተሠራ ሰው የሚመስል ነገር ቆሟል። አምሳያው ይሉታል።

አምሳያው እንዲህ ነው የተሠራው። ድሮ አንድ ሌባ ተያዘ። የዚያን ጊዜ የነበሩት ሹማምንት ተሰብስበው፣ ሌባን ከሰረቀ በኋላ መያዝ ምን ይጠቅማል፣ ከመስረቁ በፊት ብናውቀው አይሻልም ወይ ተባባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ማንም ክፉ ነገር አላሰበም። እናም አንድ ምሰሶ ተከሉ፤ ሌባውን አጠገቡ አቁመው ልክ እሱን እያስመሰሉ በጭቃ ለበጡት። ቀጥሎ ሌላ ሌባ ሲያዝ የእሱንም መልክ ጨመሩበት። ሌባው ግራ እጅ የሚቀናው ከሆነ ለግራው እጅ ትንሽ ጭቃ ጨምረው ያስረዝሙታል። ዓይኑ የሚያንቀላፋ ከሆነ የዓይኑን ቆብ ወረድ ያደርጉታል። ቆዳ አልፊ ከሆነ የቆዳ ማልፊያ ውሃ ይቀቡታል፣ ይሸታል። አንዱ ሌባ የተያዘው ጉንፋን ይዞት ስለነበር ከአፍንጫው ሥር የሚንጠባጠብ ነገር ሠሩለት፤ ከዚያ ወዲህ በማስተያያው ቀን ጉንፋን ለያዘው ልጅ ወየውለት። አባቱ ቤት ያልነበረ ሌባ የተያዘ ጊዜ ደግሞ ይህንን በጭቃ እንዴት አድርገው እንደሚሠሩት ጨነቃቸው። ብዙ መከሩ። በመጨረሻ ትከሻው ላይ ጎድጓዳ አበጁለት። የአባት እጅ የሚያርፍበት ቦታ ባዶ ነው ማለታቸው ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች አስተያዮች ይባላሉ። አለቃቸው ሊቀ አስተያይ ወንድይፍራው ነጭ ለብሰው፣ ረጅም የሸምበቆ መለኪያ ይዘው ነው የሚዞሩት። ልጅ ለማስተያየት ሲመጣላቸው ጀርባቸውን ለልጁ ይሰጣሉ። ፊት ካየሁ አዝናለሁ፣ ካዘንኩ አዳላለሁ ባይ ናቸው። እሳቸው የሚያዩት አምሳያውን ብቻ ነው፤ የልጁን ነገር ረዳቶቻቸው ከኋላ ሆነው ይነግሯቸዋል። ሰውም በዚህ ነገራቸው ያከብራቸው ነበር።

በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ የማስተያያ ቀን ይደርሳል። በዚያ ዓመት የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ሁሉ ታጥቦ፣ ጸጉሩ ተበጥሮ አደባባይ ይወጣል። አምሳያውን ሳይመስል የቀረ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመሰለ ግን እግሩ ላይ ቃጭል ይታሰርለታል። አስተያዮቹ ቃጭሉ ቅጣት አይደለም ይላሉ፤ ልጁ ገና ምን አጠፋና ይቀጣል፣ ለጥንቃቄ ነው። ሰው ግን የቃጭል ድምፅ ሲሰማ በሩን ይዘጋል። ቃጭል ያለውን ልጅ ሥራ የሚያስገባው የለም፣ ልጁን የሚድርለት የለም። ዘበኛውም ከመንጋ የጠፋች ፍየል እንደሚፈልግ ሰው ቃጭሉን እየተከተለ ነው የሚሄደው።

ዘበኞቹ ደግሞ ታች ሰፈር ብቻ ነው የሚቆሙት። አምሳያው ቆዳ ቆዳ ስለሚሸት፣ የሚሸት ሌባ ከሚሸት ሰፈር ነው የሚገኘው ተባለና እዚያ ተመደቡ። ስለዚህ የሚያዘው ሌባ ሁሉ የታች ሰፈር ሰው ሆነ። በተያዘ ቁጥር ጭቃው ይጨመራል፤ አምሳያውም ከዓመት ዓመት ታች ሰፈርን እየመሰለ ሄደ። ላይ ሰፈር ሌባ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም፣ ቆሞ ያየ የለማ። ጎተራቸው ሲጎድል አይጥ ነው ይላሉ።

አንጓች የምትኖረው ታች ሰፈር ነው። ሥራዋ ምርጊት ነው፤ ጭድና ጭቃ እየረገጠች የሰው ግድግዳ ትመርጋለች። ደርሶ የሚባለው ባሏ ከነጋዴዎች ጋር ጨው ሊያመጣ ቆላ ወርዶ፣ ይመጣል ሲባል አልመጣም፣ ሞተ እንዳይባልም መርዶ አልደረሰም። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ማንጠግቦሽ የምትባል። አንድ ክረምት የፊት ጥርሷ ወለቀ። ሌላ እናት ብትሆን ትስቅ ነበር። አንጓች ግን ጥርሷን በመዳፏ ይዛ ቁጭ አለች።

ልጅቷ ግራኝ ናት። ከቤታቸው ጀርባ የቆዳ ማልፊያው ጉድጓድ ስላለ ብትታጠብም ብትታሽም ጠረኑ ከጸጉሯ አይለቅም። አባቷ ቤት የለም። እንግዲህ ምን ቀረ፣ አለች አንጓች በሆዷ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ልጅቷ ስትበላ የግራ እጇን በነጠላ ጫፍ እያሰረች በቀኝ ማስለመድ ጀመረች። ልጅቷም በቀኟ ስትጎርስ ግማሹን መሬት እየጣለች፣ ሳትጠግብ ትነሳለች። ጠረኑን ላጥፋ ብላ ጦስኝ ቀቅላ ጸጉሯን አጠበቻት፤ የጦስኝና የቆዳ ጠረን ተደባልቆ ከፊተኛው የባሰ ሆነ። ማንጠግቦሽ ራሷን እያሸተተች በሳቅ ሞተች። አንጓች አልሳቀችም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አንጓች ሳታውቀው ልጇን እንደ አስተያዮቹ ማየት ጀመረች። አንድ ቀን ከትራሱ ሥር የተቋጠረ ሽምብራ አገኘች። ለምን ደበቅሽ አለቻት። ልጅቷ ለነገ ነው አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቺ ልጅ ቆጣቢ ናት ተብላ ትመረቅ ነበር። አንጓች ግን ትከሻዋን ይዛ ናጠቻት፤ መደበቅ ከማን ተማርሽ፣ ከማን ነው የወረስሽው እያለች ናጠቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ እናቷን አየቻት ብቻ። ያን ቀን አንጓች ውጭ ወጥታ ከጭዱ ክምር ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ቃጭሉን እኔ ቀድሜ አሰርኩላት፣ አለች።

ከማስተያያው ቀን በፊት ክረምት የሸረሸረውን አምሳያ መጠገን የመራጊዎች ሥራ ነው። በዚያ ዓመት ተራው የእትዬ ዘርፌና የአንጓች ሆነ። እትዬ ዘርፌ ምርጊት ያስተማሯት አሮጊት ናቸው፤ ምላሳቸው ስለት ነው፣ ሆዳቸው ግን ገር ነው። ሁለቱም ጭቃቸውን ረግጠው መሰላሉን ተከሉ፤ አሮጊቷ ከታች ሲያቀብሉ አንጓች ላይ ሆና ትለጥፋለች።

ግራው እጅ ጋ ስትደርስ ቆመች። ደበሽ የሚባለው ወጣት ዘበኛ ጥላ ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል። አንጓች መርጊያዋን የአምሳያው እጅ ላይ አሳረፈች። ትንሽ ብትጠርበው ማን ያውቃል። ግራውን አሳጥራ፣ ቀኙን አስረዝማ ብትሄድ ልጇ ትተርፋለች።

እትዬ ዘርፌ ከታች ሆነው አዩዋት። እጇ ለምን እንደቆመ መጠየቅም አላስፈለጋቸው።

"አንቺ ልጅ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ቀኙን ስታስረዝሚው የማንን ልጅ እንደምታሳስሪ ታውቂያለሽ?"

አንጓች ዞራ ወደ ታች አየቻቸው።

"እኔ አውቃለሁ። የእህቴ የልጅ ልጅ ዘንድሮ ጥርሷ ወልቋል። ቀኝ እጅ ነው የሚቀናት።"

አንጓች መርጊያዋን አነሳች። መሰላሉ ላይ ተቀመጠች። እሱ ላይ የሚለጠፍ የማንም ያልሆነ ነገር የለም፣ አለች በሆዷ፤ አፍንጫውን ባጠፋው ሌላ አፍንጫ ማውጣቴ ነው፣ ሌላ አፍንጫ ደግሞ ሌላ እናት አለው።

አሮጊቷ መሰላሉን እንደምንም ሁለት እርከን ወጥተው የአምሳያውን ጆሮ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ጫፉ ቆረጥ ያለ ጆሮ ነው። የልጃቸው የጫኔ ጆሮ ነው አሉ። ጫኔ በልጅነቱ ጉንፋን ይዞት ነበር ቃጭል የታሰረለት። አድጎ ሥራ ለመነ፣ ቃጭሉን ሰምተው በር ዘጉበት። ሌላ በር ለመነ፣ ያም ተዘጋ። ሲርበው ከዳቦ ጋጋሪዋ ደጅ አንድ ዳቦ ወሰደ፣ ቃጭሉ ጮኸ፣ ተያዘ። አስተያዮቹም አላልናችሁም ወይ አሉና ጆሮውን አምሳያው ላይ ሠሩት። እትዬ ዘርፌ ይህን ሁሉ ተናግረው ሲጨርሱ ጆሮውን ጥርት አድርገው መርገው ወረዱ። የልጄን ጆሮ ሌላ ሰው እንዲያበላሽብኝ አልፈልግም አሉ።

የማስተያያው ቀን ደረሰ። ላይ ሰፈር በላይ በኩል፣ ታች ሰፈር በታች በኩል ቆመ። የአገሩ ገዥ አባ አገር ይባላሉ፤ በጣም አርጅተዋል፣ ጥላ ተይዞላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንጎላጃሉ። ልጆቹ እየተጠሩ ወጡ። የላይ ሰፈር ልጆች ቶሎ ቶሎ አለፉ። የማንጠግቦሽ ተራ ሲደርስ አንጓች እጇን አልለቅ ብላ፣ ረዳቱ ነው ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀው።

ሊቀ አስተያይ ወንድይፍራው ጀርባቸውን ሰጡ። ረዳቱ ለልጅቷ ሎሚ ወረወረላት። አንጓች ያን ሁሉ ቀን ያስለመደቻት ቀኝ እጅ የት እንደገባ እንጃ፣ ልጅቷ በግራዋ ቀለበችው። ግራ፣ አለ ረዳቱ። አሸተታትና ግራ ገብቶት እንደገና አሸተታት፤ ጦስኝም አለው፣ ግን ቆዳ ነው አለ። አባትስ ብሎ ጠየቀ፣ የለም ተባለ። ልጅቷ ሌሊቱን እናቷ በጭንቀት ስታገላብጣት ስላደረች ዓይኗ ያንቀላፋ ነበር፣ እሱንም ተናገረ።

"ትመስላለች፣" አሉ ሊቀ አስተያይ ለአምሳያው እየነገሩ። "ይታሰርላት።"

ቃጭሉን ይዞ የመጣው ደበሽ ነው። ጎንበስ ሲል አንጓች እንዴት እንደደረሰች ሳታውቀው መካከላቸው ቆማለች። ምን እንደምትል አላሰበችበትም። ልመና ነበር ያዘጋጀችው፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ግራኝ ሌባ ሲያዝ ጭቃ ትጨምራላችሁ። እኔም ግራኝ ነኝ። እስከ ዛሬ የሰው ነገር ነክቼ አላውቅም። የኔ ጭቃ ከየት ላይ ተቀነሰ?"

ሊቀ አስተያይ ዞር ሊሉ ቃጥቷቸው ተዉት። "የምን መቀነስ?"

"ያልሰረቅሁበት።"

ከላይ ሰፈር በኩል አንዳንዱ ሳቀ። ሊቀ አስተያይ ግን ሰው ሲጠይቃቸው ማስረዳት ይወዳሉ። የተያዘ ሌባ ወደ እኛ ይመጣል፣ መልኩን አይተን እንሠራለን፤ ያልሰረቀ ሰው ግን ወደ እኛ አይመጣም፣ ሳይመጣ እንዴት አድርገን እናውቀዋለን አሉ።

"ይኸው መጣሁ፣" አለች አንጓች።

ሳቁ ቆመ። አባ አገር ዓይናቸውን ገለጡ። ሴትዮዋ ምን አለች ብለው ጠየቁ፤ ነገሯቸው። እንደገና ጠየቁ፤ ጮክ ብለው ነገሯቸው። ሽማግሌው አምሳያውን ሲያዩት ቆዩ። በእሳቸው ልጅነት ይህ ነገር ቀጭን ነበር፤ አሁን ከሰው ሁለት እጥፍ ሆኗል።

"ከዚህ ነገር ላይ መቀነስን የሚከለክል ሕግ አለ ወይ?" አሉ።

ሊቀ አስተያይ ረዳቶቻቸውን አዩ፣ ረዳቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ስለ መጨመር ብዙ ሕግ ነበር፤ ጭቃው ምን ያህል ይርጠብ፣ ማን ያቡካው፣ በየትኛው እጅ ይለጠፍ። ስለ መቀነስ ማንም ያወጣው ሕግ አልነበረም፤ የሚቀንስ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረማ።

"ካልተከለከለ ትቀንስ።"

አንጓች ሄደች። ከግራው እጅ ላይ ቁንጣሪ ጭቃ አነሳች። ቁንጣሪ ብቻ ናት፤ አምሳያው ምንም አልመሰለውም። ሊቀ አስተያይም ይኼው ተቀነሰ፣ አሁን ልጅቷ ትታሰር አሉ።

ያን ጊዜ አንድ ቆዳ አልፊ ከሕዝቡ መሃል እየተጋፋ ወጣ። እኔም እሸታለሁ አለ፤ መሽተቴን ሚስቴም ትመሰክራለች፣ ስርቆት ግን አላውቅም፣ ጭቃዬን። ከደረቱ ላይ አነሳ። አንዲት ሴት ልጆቿን አስከትላ መጣች፣ አባታቸው ከሞተ ቆይቷል፤ እሷም ልጆቿም ከትከሻው ጎድጓዳ ጠርዝ ጠርዙን አነሱ፣ ጎድጓዳውም ጠርዝ ስላጣ ሜዳ ሆነ። ዓይኑ የሚያንቀላፋ ሁሉ መጣ። ጉንፋን ይዞት የሚያውቅ ይምጣ የተባለ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ ስለተነቃነቀ ዘበኞቹ ሰልፍ ማስያዝ ግድ ሆነባቸው። ወዲያው ከላይ ሰፈር አንዲት ባለ ወርቅ እመቤት ብቅ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግራ እጃቸውን በኩታ ሸፍነው የኖሩ ናቸው። በግራቸው ቆንጥረው፣ በግራቸው ጭቃውን አራገፉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። 

ሰልፉ ውስጥ ዋሴ የሚባል ሰው ተሰልፎ ነበር። ተራው ሲደርስ አንዲት ባልቴት እጁን ያዙት።

"አንተ ደግሞ የምን ቅነሳ ነው? መጀመሪያ ዶሮዬን መልስ።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ዋሴ ቀጥ ያለ፣ ቀኝ እጅ የሚቀናው፣ አባቱም እናቱም ያሉ፣ የሚያምር ሰው ነው፤ አምሳያውን በምንም አይመስልም። ዶሮውን እንደወሰደ ግን ሰፈሩ በዓይኑ አይቷል። ዘበኞቹ ሰፈሩን ጠይቀውት ስለማያውቁ አልተናገረም እንጂ። ዋሴ አንገቱን ደፍቶ ከሰልፉ ወጣ።

እትዬ ዘርፌ አልተሰለፉም። ልጃቸው ጫኔ ከሕዝቡ ራቅ ብሎ ቃጭሉን በእጁ አፍኖ ቆሟል፤ ሰርቋልና የሚቀነስለት የለም። አሮጊቷ ዳቦ ጋጋሪዋን ከሰው መሃል ጎትተው አወጧትና አባ አገር ፊት አቆሟት። ልጄ የአንድ ዳቦ ዕዳውን ስንት እንጨት ፈልጦልሽ እንደከፈለ ተናገሪ አሏት። ዳቦ ጋጋሪዋም ከፍሏል፣ ትርፍም ፈልጦልኛል አለች። አባ አገር እጃቸውን አወዛወዙ፤ ደበሽ ሄዶ የጫኔን ቃጭል ፈታ። ጫኔ እግሩን አንስቶ አየው፣ መልሶ አሳረፈው። ድምፅ ስላልሰማ እንደገና አነሳው።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አምሳያው ግራ እጅ የለውም፣ አፍንጫ የለውም፣ ጠረኑም ሄዷል። የቀረው ምሰሶውና ጥቂት ጭድ ነው። ሊቀ አስተያይ ወንድይፍራው መለኪያቸውን ይዘው ምሰሶውን ይዞሩታል። የሚያዩት ነገር ሲያጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ልጅቷን አዩዋት። የፊት ጥርስ የሌላት፣ ሎሚውን ልጣ ግማሹን የበላች ልጅ ናት።

"ምን ትላለህ?" ብለው ረዳቱን ጠየቁት።

ረዳቱ ልጅቷንም ምሰሶውንም አየ። "ግንድ አትመስልም፣ ጌታዬ።"

ሊቀ አስተያይ ያለ አምሳያው ሌባን በምን እናውቃለን ብለው አባ አገርን ተማጠኑ። ፌዝ አልነበረም፤ እውነት ጨንቋቸው ነው። አባ አገር እስቲ ዘንድሮን ያለ እሱ እንሞክረው አሉ፤ በምን እንደምናውቅ ያን ጊዜ እናያለን አሉና ተመልሰው አንቀላፉ። ማንጠግቦሽም ሳትታሰር ከእናቷ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች።

የሚቀጥለው ወር ቀላል አልነበረም። ዘበኞቹ የት እንደሚቆሙ የሚነግራቸው ስለሌለ ታችም ላይም መዞር ግድ ሆነባቸው፤ እግራቸው ውሃ ቋጠረ። ላይ ሰፈር ጎተራ ውስጥ ያገኙት አይጥ ጢምም ሱሪም ነበረው ተብሎ ተወራ። ላይ ሰፈሮች ተቆጡ፣ ታች ሰፈሮች ሳቁ፣ አንዳንዱም አምሳያው በነበረ ጊዜ አገር ሰላም ነበር እያለ ማጉረምረም ጀመረ። አንጓች ይህንን ወሬ በሰማች ቁጥር ልጇን ጠርታ ወደ ቤት ታስገባ ነበር። አንድ ዓመት ምን አላት። አምሳያውን መልሱ ቢሉስ፣ ጭቃ እንደሆነ የትም ነው ያለው።

አንድ ማለዳ በሯ ተንኳኳ። በቀዳዳው ብታይ ደበሽ ነው፣ ዘበኛው።  ማንጠግቦሽን በእጇ ወደ ኋላዋ ገፍታ፣ በሩን በጥቂቱ ከፈተች። ምን ሆነ፣ ልጄ ምን አደረገች አለች ገና ሳይናገር።

ደበሽ እጁን ከካባው ውስጥ አውጥቶ አሳያት። ባዶ ነው፣ ቃጭል የለበትም።

"እህት ዓለም፣ ልጅሽን ብዬ አይደለም የመጣሁት። ትናንት አመሻሽ ላይ የገበያው መጋዘን በር ተሰብሯል። ያያችሁት ነገር ካለ ብዬ ቤት ለቤት እየጠየቅሁ ነው።"

 አንጓች እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቃ አታውቅም፤ እናቷም ተጠይቃ አታውቅም። አመሻሽ ላይ ግድግዳ ስትመርግ እንደነበረች፣ ምንም እንዳላየች ነገረችው። ደበሽም አመስግኖ ሊሄድ ሲል ከቀሚሷ ኋላ ድምፅ ወጣ።

"ጋሼ ዘበኛ፣ እኔ አይቻለሁ።"

አንጓች ዝም በይ ልትላት አፏን ከፈተች። ዝም ያለ ነው የሚተርፈው፤ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ደበሽ ግን ጦሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጧል። ቁመቱ ከልጅቷ ጋር እኩል ሆነ። ፊት ለፊት እያያት ነው።

"በይ ንገሪኝ የኔ እናት። ከመጀመሪያው ጀምሪ።"

አንጓች የልጇን ትከሻ ለቀቀች። ማንጠግቦሽም ወጥታ ከፊቱ ቆመችና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ጠዋት ከእንቅልፏ እንደተነሳች፣ ቁርስ ሽምብራ እንደበላች፣ ከዚያ የጎረቤት ድመት እንደወለደች፣ ድመቶቹ ምን ምን እንደሚመስሉ። ወደ አመሻሹ ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ይቀራታል። ደበሽ አላቋረጣትም። አንጓች ገብታ ውሃ በጣሳ ቀድታ አመጣችለትና፣ እሷም ልትሰማ አጠገባቸው ተቀመጠች።